ወደኋላ የምታየዋ ጅግራ

ቁጭ በይ ብትሉኝ አልቀመጥም። ገበያ ጨርቅ ስሸጥ እንኳ ቆሜ ነው የምውለው፤ ጎረቤቶቼ "ቢባታ፣ በርጩማሽን አከራዪን" እያሉ ይስቁብኛል። ልጅ ሳለሁማ አይወራ። እናቴ ጭቃ እያቦካች "ኧረ የዚችን ልጅ እግር እሰሩልኝ!" ትል ነበር። ነገሩ ግን የእግር አልነበረም። ያን ዓመት፣ አባቴ ለአንዲት የአውሮፓ ሴትዮ የነሐስ አግዳሚ ወንበር ይሠራ በነበረበት ዓመት፣ እናቴን ሊወስድብኝ የመጣ ሰው በጠራራ ፀሐይ ግቢያችን ይገባ ይወጣ ነበር፤ የሚያየው ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እንደዚያ ነበር የማምነው፤ ታዲያ እንዴት ልቀመጥ?

ሰውየው ፓሬ ይባላል። ቆራሌው ነው። የተሰበረ ቧንቧ፣ ያረጀ የመኪና ራዲያተር፣ የበር እጀታ በጋሪ እየገፋ ዋጋዱጉን ሲያካልል ይውልና ነሐስ ነሐሱን ለይቶ ለሰፈራችን አቅላጮች ያመጣል። ከጋሪው በፊት ድምፁ ነው የሚደርሰው።

"አሽከሬ ኑፉ! ጌታህ መጥቷል፣ ተነስና እግሬን እጠብ!"

አባቴ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ውሻ በላው መጣ፤ ውሻችሁን አስገቡ!" ይላል።

"የውሻ ጭንቅላት ካንተ ጭንቅላት ይሻላል! እሱ ቢያንስ ሲቀቅሉት ይበስላል!"

ግቢው በሳቅ ያውካካል። ፓሬ ከሳሞ ጎሳ ነው፣ እኛ ሞሲ ነን። ሳሞና ሞሲ ተገናኝተው ካልተሰዳደቡ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ያኛው ይሄኛውን አሽከሬ ይላል፣ ይሄኛውም ያንኛውን፤ ሠርግም ይሁን ለቅሶ አይመረጥም፣ የተቆጣ ሰው ደግሞ እሱ ነው የሚነወረው። ይሄን እኔም ከጡት ጋር የጠባሁት ነው፤ ትምህርት ቤት የሳሞ ልጆችን አሽከሮቼ እያልኩ ዳቦ ስነጥቃቸው ነው ያደግኩት። ታዲያ የፓሬ ስድብ ምኑ አንገበገበኝ? የሌሎቹ ስድብ ውሻና አህያ ላይ ያበቃል። የእሱ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አባቴ እጅና እናቴ ታላቶ ላይ ነበር።

"የዚህ ቤት ወንድ ታላቶ ናት! ይሄ አሽከሬ እጁን የያዘው ለመብላት ብቻ ነው!"

ይሄን ሲል አባቴ እጁን ብብቱ ስር ይሸጉጣል። አይቼዋለሁ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ፓሬን ይፈራዋል አልኩ በልቤ። ያን የመሰለ ሰው፣ የቀለጠ ነሐስ ፊት ቆሞ ዓይኑን የማያርገበግበው ሰው፣ አንድ ቆራሌ ፊት ሲንቀጠቀጥ ማየት!

ዛሬ ሳስበው እጁ ፓሬ በሌለበትም ቀን ይንቀጠቀጥ ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እናቴ ነበረች። ሾርባ የሚጠጣው ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ይሄን ሁሉ አየው ነበር፤ ግን ልጅ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰበስበው።

በሰፈራችን አንድ ሕግ አለ። የሚቀረጸው አውሬ በመጀመሪያ በሰም ይሠራል፣ ሰሙ በጭቃ ይለበጣል፣ ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ነሐስ ይገባል። ሴት ጭቃውን ታቦካለች፣ የአህያ ፋንድያውን ትወቅጣለች፣ ውሃውን ትቀዳለች። ሰሙን ግን አትነካም። ሴት የነካችው ሰም ላይ ነሐስ አይሮጥም ይባላል፤ መንገድ ላይ ይረጋል፣ አዞው ያለ እግር፣ ወፏ ያለ አንገት ትወጣለች። ሰፈሩ የሚያቀልጠው በአንድ ምድጃ ነው፤ ሕጉን የጣሰ ቤት ደግሞ ከምድጃው ይባረራል። የምድጃው አለቃ አባባ ሲዲኪ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ካልጠየቋቸው የማይናገሩ።

የሴትዮዋ ስም ማዳም ኦዲል ነው። ብራሰልስ ቤቷ ውስጥ ጉማሬ የተሸከመው ጠረጴዛና እስስት የያዘችው መብራት አላት ይባል ነበር። ካባቴ ያዘዘችው አግዳሚ ሁለት አዞዎች በጀርባቸው የሚሸከሙት፣ መደገፊያው ላይ ጅግራዎች የተደረደሩበት ነው። የሰፈሩ ሴቶች ጭቃ እያቦኩ ይስቁ ነበር።

"ነሐስ ላይ ቁጭ ብላ መቀመጫዋ አይቀዘቅዝም?"

"አይቀመጡበትም አሉ። ለማየት ነው።"

"ወንበር ለማየት! እሷ እሱን ስታይ ባሏ የት ሊቀመጥ ነው?"

እናቴ ብቻ አትስቅም ነበር። ዝቅ ብላ ጭቃዋን ታሻለች።

አንድ ቀን ከጋሪው ኋላ ተደብቄ አየኋቸው። ፓሬ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ከራዲያተሮቹ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ቀሚሷ ስር ወሸቀችው።

"ከመንደሬ ነው፣" አላት በሹክሹክታ። "ንጹህ ነው። ሲያልቅ ንገሪኝ።"

"ሰው እንዳያይህ ፓሬ፣ አፈር ስሆን።"

"እኔን ማን ያየኛል? እኔ የማወራ ውሻ ነኝ።"

በአጠገቤ ስታልፍ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። የማር ሽታ ነበር። ወይ ጉዴ! ቆራሌው ለእናቴ ማር ያመጣል! ባል ያላት ሴት ከሌላ ወንድ ተደብቃ ማር ስትቀበል ምን ማለት እንደሆነ የሰባት ዓመት ልጅም ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ምን እንደምታደርግ ገባኝ፤ ገባኝ መስሎኝ። አርብ ወንዶቹ ነጭ ለብሰው ተከታትለው ለሶላት ሲወጡ ሰፈሩ ጭር ይላል፣ ሞረድ አይሰማም፣ ወናፍ አይሰማም። ያኔ እናቴ አባቴ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ገብታ ከውስጥ ትቀረቅራለች። እኔ ደጅ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። በበሩ ስር ያ የማር ሽታ ይወጣል፤ ቀስ ያለ እንጉርጉሮ ይሰማኛል።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየጠረግኩ ነው። ሂጂ ተጫወቺ።"

መጥረጊያ ግን አይሰማም። ብቻዋን ማሩን እየበላች ነው አልኩ። አንድ ቀን እኔን ትታ፣ ማር ወደሚመጣበት መንደር በጋሪ ትሄዳለች። እየጠበቅኩ አለቅስ ነበር፤ ወንዶቹ ሲመለሱ ደግሞ ፊቴን በቀሚሴ እጠርግና እሮጣለሁ።

በቀል አማረኝ። ፓሬ ሲመጣ እናቴ ዙምኩም ትሰጠዋለች፣ በዝንጅብል የተበጠበጠ የማሽላ ውሃ። አንድ ቀን "እኔ ልውሰድለት" አልኩና እፍኝ በርበሬ ሞጀርኩበት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ዓይኑ ቀላ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ፣ ሳለ፣ አነጠሰ፣ ሊሞትልኝ ነው ስል ቅሉን ዘረጋልኝ።

"አሽከሬ፣ ድገሚኝ! እናትሽ እንዲህ አጣፍጣው አታውቅም!"

ደሜ ፈላ። ሰውየው አይሞትም፣ አይሰደብም፣ አይባረርም!

ማዳም ኦዲል የመጣችው የሐርማታን ነፋስ ሰማዩን አቧራ ባለበሰበት ወር ነው። የሰም ጅግራዎቹ ጥላ ስር እርጥብ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፣ ሁለቱ አዞዎች ግማሽ ገላቸውን ጭቃ ለብሰዋል። አባባ ሲዲኪ አብረዋት መጡ፤ ፈረንሳይኛዋን የሚተረጉሙላት እሳቸው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ግቢያችንን ሞላው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጅግራዎቹን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ወደፊት ያያሉ። አንዷ ብቻ አንገቷን ጠምዝዛ ወደኋላ ታያለች፣ የሆነ ሰው ከኋላዋ የጠራት ይመስል። ማዳም እሷ ጋ ስትደርስ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። የሆነ ነገር ተናገረች።

አባባ ሲዲኪ ወደ አባቴ ዞሩ። "ኑፉ፣ አንዲት ጅግራ ፊቴ ይሥራልኝ ትላለች። ይሄን እጅ ሲሠራ አይቼው ልሂድ ነው የምትለው።"

አባቴ ከቅሉ ውስጥ አንድ ጉርሻ የምታህል ሰም አነሳ። ያዛት። ብቻ ያዛት። እናቴ የጭቃ ባልዲ ተሸክማ ልታልፍ ስትል ባለችበት ደረቀች። ባልዲው ክንዷን እየጎተታት አላስቀመጠችውም።

"አይዞህ እንጂ፣ ትንሽ ናት፣" አሉት አባባ ሲዲኪ።

የአባቴ ጣቶች መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ የጋሪው ጩኸት ተሰማ። ተመስገን ፓሬ መጣ፣ ያለ ማን ነበር? እኔ አይደለሁም። እኔ "አሁን ደግሞ ይሄ ሰይጣን!" ነበር ያልኩት።

"ማዳም! ማዳም!" ፓሬ ሰውን እየገፋ መሃል ገባ። "ገንዘብሽን አትስጪ! ይሄ አሽከሬ ጅግራ ቀርቶ እበት አይጠፈጥፍም! ሚስቱ ናት የምትሠራው! እሱ አርብ አርብ መስጊድ ግንባሩን መሬት ሲደፋ እሷ እዚህ ጅግራ ትፈለፍላለች! ሞሲ ማለት እንደዚህ ነው፤ ሚስቱ ትወልዳለች፣ እሱ ይታረሳል!"

ግቢው ፈነዳ! ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ፣ ሴቶች ተደጋግፈው ሳቁ። "ውሻ በላ! ዛሬስ ምን በልተህ መጣህ?" የሚል መዓት። ፓሬ በዚህ መሃል ከአባቴ እጅ ሰሟን መንጭቆ ቆቡ ውስጥ ከተታት።

"ይሄ ግብሬ ነው! ሰም የፈለገ ለጌታው ካሣ ከፍሎ ይውሰድ!"

ጋሪውን እየገፋ ሮጠ፣ ልጆች እየጮሁ ተከተሉት። አባባ ሲዲኪ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ማዳምን "ሳሞ ነው፣ ይቀልድባቸዋል፣ ባህላችን ነው" አሏት መሰለኝ፣ እሷም ሳቀች፣ ፎቶ አነሳች። ከዚያ አባባ ሲዲኪ ፀሐዩን አይተው የሶላት ሰዓት ደርሷል አሉ። ሰው ተበተነ። ከመውጣታቸው በፊት ወደኋላ የምታየዋን ጅግራ አንስተው አንገቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ዳሰሱ፣ እንደነበረችም መልሰው አስቀመጧት።

ሁሉም ሲሄድ እናቴ ጭቃው ክምር ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። አባቴ አጠገቧ ተንበርክኮ ያን የሚንቀጠቀጥ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ይሄ ውሻ በላ እናቴን በሰው ፊት አዋርዶ አስለቀሳት አልኩ። ሳድግ እገድለዋለሁ ብዬ ማልኩ።

የማቅለጫው ቀን እናቴ እንደ እኔ ሆነች፤ መቀመጥ አቃታት። ከምድጃው ግድግዳ ኋላ ቆማ ነጠላ ጨርቋን ትነክሳለች። ነሐሱ ሲፈስ ዓይኗን ጨፈነች። ጭቃው ሲሰበር አዞዎቹ ጥፍራቸው ሳይቀር፣ ጅግራዎቹም ያቺ አንገተ ጠማማዋ ሳትቀር፣ ሁሉም ምንም ሳይጎድላቸው ወጡ። ሰው "ኑፉ! ኑፉ!" እያለ አባቴን አቀፈው። እናቴ ከግድግዳው ኋላ ስታስመልስ አገኘኋት።

"አሞሻል?"

"ሮጧል ወይ?" አለችኝ። "ቢባታ፣ እውነት ሮጧል?"

እሷም ያን ሕግ ታምነው ነበር ለካ። ሰሙን በነካች ቁጥር የልጇን እንጀራ በገዛ እጇ የምታበላሽ እየመሰላት ነበር የምትነካው። ይሄ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ጡት ማውጣት ስጀምር አንድ አርብ በሩን ከፍታ አስገባችኝ። ከፓሬ የመጣውን ጥቅል ፊቴ ፈታችው። ማር አልነበረም፤ ከማር የቀረ ሰም ነበር። የሰፈሩ ሰም ከአባባ ሲዲኪ እጅ ስለሚወጣ፣ ማን ምን ያህል እንደጨረሰ ይታወቅ ነበር። የምትለማመድበት፣ አበላሽታ የምታፈርሰው ሰም ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። የውሃውን ቅል አስያዘችኝና ሥራዋን ቀጠለች። የአባቴ እጅ ከከዳው ጀምሮ ከዚያ ቤት የወጣ አውሬ ሁሉ የእሷ ነበር። ፓሬ ማዳም ፊት የጮኸው እውነቱን ነበር፤ ከሳሞ አፍ ስለወጣ ግን ማንም አላመነውም። እኔ ያኔ ደጅ ያፈሰስኩት እንባ ሁሉ ትዝ አለኝና ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። እሷ ግን ዝም በይ፣ ሶላቱ ሊያልቅ ነው አለችኝ።

አባቴ ያረፈው እኔ ባገባሁ በዓመቱ ነው፣ አላህ ይማረው። ሬሳው ታጥቦ፣ ተገንዞ ክፍሉ ውስጥ ተጋድሟል፣ ወንዶቹ ግቢውን ሞልተዋል። እናቴ ከሴቶቹ መሃል እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። ምን እንደምታስብ አውቄ ነበር። የሞተው ባሏ ብቻ አልነበረም፤ የምትሸሸግበት ስሙ ነበር። ከነገ ጀምሮ ከዚህ ቤት አንዲት ወፍ ብትወጣ "ማን ሠራት?" ይባላል። ሥራው በዚያ ቀን ከሬሳው ጋር ሊቀበር ነበር።

ያኔ ጋሪው ጮኸ።

ፓሬ አርጅቶ ነበር። የአባቴን የተቃጠለ የቆዳ ሽርጥ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ታጥቆታል፤ የአባቴን ቆብ ደፍቷል። ቀጥ ብሎ መጥቶ ሬሳው የሚወጣበት ደፍ ላይ ተጋደመ።

"አይወጣም! አሽከሬ ሳያስፈቅደኝ ወዴት ነው የሚሄደው?"

ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ሳሞ ለቅሶ ላይ የሞተውን ሰው መምሰል፣ ሬሳ መያዝ ወጉ ነው። ፓሬ ቁጭ አለና እንደ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ አባቴ ቆቡን ገፋ አደረገ። ከኪሱ ሰም አወጣ። እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሰሟ ወደቀች። አነሳት። ደግማ ወደቀች። ሳቁ እየሳሳ ሄደ።

አባባ ሲዲኪ ሳንቲም ዘረጉለት። "እንካ አንተ ውሻ በላ፣ ሰውየውን እንቅበረው።"

ፓሬ ሳንቲሙን ግቢው ውስጥ በተነው። "ገንዘብ ምን ያደርግልኛል? ጅግራ ነው የምፈልገው። ታላቶ ትሥራልኝ፣ አሁን፣ እዚሁ!"

"ሴት ሰም ትነካለች እንዴ?" አለ አንድ ጎልማሳ።

"እኔ ሳሞ ነኝ፣ የእናንተ ሕግ እኔን አይመለከተኝም! ካልሠራች ከአሽከሬ ጋር እዚሁ እተኛለሁ። እናንተም ፀሐይ ላይ ተገተሩ!"

ለቅሶ ላይ ሳሞ የጠየቀው አይከለከልም። ሁሉም አባባ ሲዲኪን አየ። እሳቸው መሬት መሬቱን አዩና፣ "ታላቶ፣ ሥሪለትና ይነሳልን" አሉ።

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። እጇ ሰሟን ሲነካ ረጋ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰም ይዘው ያረጁ ወንዶች ፊት፣ ሆዷን ድቡልቡል አድርጋ፣ ጭራዋን ቆንጥጣ፣ አንገቷን ስባ አወጣችና በአውራ ጣቷ ጠምዘዝ አደረገቻት። ጅግራዋ ወደኋላ አየች፣ ሬሳው ወዳለበት። ማንም አልሳቀም። ፓሬ ፊቱን በአባቴ ሽርጥ ሸፍኖ እየተንሰቀሰቀ ነበር።

"ይያዙልኝ፣" አለና ጅግራዋን ለአባባ ሲዲኪ ሰጣቸው። "የእኔ እጅ ቆሻሻ ነው።"

ከዚያ ተነስቶ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ራሱ ተሸከመ።

ሰደቃው ካለፈ በኋላ አባባ ሲዲኪ ብቻቸውን መጡ። እናቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ እንደ ልማዴ ቆሜያለሁ። ከኪሳቸው አንድ ነገር አውጥተው ፊቷ አስቀመጡ። ጅግራዋ ነበረች፣ ነሐስ ሆና፣ ገና ሞረድ ያልነካት፣ አንዲት ቀዳዳ የሌላት።

"ሮጧል፣" አሉ።

አባባ ሲዲኪ የሰጠኋቸውን ውሃ ቀስ ብለው ጠጡ፣ ቅሉን መለሱልኝ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ደጁ ጋ ሲደርሱ ሳይዞሩ ቆሙ።

"ታላቶ፣ ከእንግዲህ አርብን አትጠብቂ።"

ሄዱ። እናቴ ጅግራዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገቻት። ከዚያ በአውራ ጣቷ አንገቷን እየዳሰሰች ወደ አባቴ ክፍል አየች።

"ቢባታ፣" አለችኝ፣ "እስቲ ያንን በር ክፈቺው። ይሞቃል።"